የኅዳር ጢስና የማድ ቤት ጢስ

በአዲስ አበባ ከተማ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ቆሻሻው ከየግቢው ተጠርጎ በየደጁ እየተከመረ ሲቃጠል መዋሉን ክቡራን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ልማዱም ኅዳር ሲታጠን ይባላል። መነሻው በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር የገባው ታላቅ ሕመም ነው። በዚያ ወራት በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ተርፈዋል። ሐኪሙ ጥቂት፣ መድኃኒቱም የማይታወቅ ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ ሕመሙ ከቆሻሻና ከክፉ ሽታ የመጣ መስሎት በጢስ ሊያርቀው ሞከረ። በእነዚያ ሰዎች ልንፈርድባቸው አይገባም። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው ገና ከዚያ በኋላ በ1933 እ.ኤ.አ. ነውና።

ዳሩ ግን የኅዳር በሽታ ሰውን ይገድል የነበረው ሳንባውን እየመታ ነው። እኛም የሳንባን በሽታ የምናስበው ሳንባን በሚጎዳ ነገር ሆነ። ደጅን መጥረጉ መልካም ነው፤ ዝንብና አይጥ ይቀንሳል። ማቃጠሉ ግን ጥቅም የለውም። ደግሞም የቀድሞ ሰዎች ያቃጠሉት ሣርና ጨርቅ፣ ፍግና አጥንት ነበር፤ የዛሬው ክምር ግን ፌስታልና አሮጌ ጎማ ስለማይጠፋበት ዳዮክሲን የሚባለውን መርዝ ሳይቀር ያወጣል። አስም ያለበት ሰው ያን ሌሊት እንዴት እንደሚያድር አብሮት ያደረ ያውቀዋል።

ጢስ ሲባል ዓይንን የሚያቃጥል ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጢስ ግን እጅግ የደቀቀ ትቢያና ልዩ ልዩ መርዛም አየር የተቀላቀለበት ነው። ትልልቁን ትቢያ የአፍንጫ ጠጕርና ንፍጥ ይይዘዋል፤ ከዚያ ያለፈውንም በአየር ቧንቧ ውስጥ ያሉት እጅግ ረቂቅ ጠጕሮች ሌትና ቀን ወደ ላይ እየጠረጉ በአክታ ያወጡታል። ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆነው ትቢያ ግን ከራስ ጠጕር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የሚያንስ ስለ ሆነ ይህን ዘበኛ ሁሉ አልፎ ይገባል። በሳንባ መጨረሻ ደም ከአየር ጋር የሚገናኝባቸው በመቶ ሚሊዮን የሚቈጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ ትቢያው ከእነዚያ ላይ ያርፋል። ከፊሉም ወደ ደም ተሻግሮ ልብንና አንጎልን ይጎዳል። ጢሱ በየቀኑ ሲደጋገም ጠራጊዎቹ ጠጕሮች ይደክማሉ፣ ቧንቧው ያብጣል፣ ይጠብባልም። ሳሉ በዚህ ይጀምራል።

የኅዳሩ ጢስ በዓመት አንድ ቀን ነው። የማድ ቤቱ ግን የዕለት ዕለት ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም በገዛ ቤቴ ያየሁት ነገር ነው።

በቤታችን ለብዙ ዘመን እንጀራ የሚጋግሩልን አንዲት እናት አሉ። ሳል ከያዛቸው ዓመታት አልፈዋል፤ እርሳቸውም እኛም ብርድ ነው እያልን በጤና አዳምና በዝንጅብል ስናስታምም ቈየን። ባለፈው ክረምት ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው ወደ ሐኪም ወሰድኋቸው። ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ፣ «እማማ፣ ትንባሆ ያጤሱ ነበር?» አላቸው። ተቈጥተው፣ «በማርያም! እኔን ነው?» አሉት። «እንጀራ የሚጋግሩትስ በምንድን ነው?» «በጭራሮና በኩበት ነዋ።» «ከስንት ዓመትዎ ጀምሮ?» «ከእናቴ ዘንድ ሳለሁ፣ ምጣዱን ማሰስ ከቻልሁ ጀምሮ።» ሐኪሙም ወደኔ ዘወር ብሎ፣ ትንባሆ በአፋቸው ያልዞረ ባልቴቶች እንደ አጫሽ ያለ ሳንባ ይዘው መምጣታቸው እንግዳ ነገር አለመሆኑን ነገረኝ።

የኔ ሥራ በፍርድ ቤት የሰውን ቃል መጻፍ ነው። የእኚህን እናት ቃል ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ከሐኪም ቤት በተመለስን ጊዜ ገብቼ ማድ ቤቱን አየሁት። አንድ በር አለው፤ መስኮት የለውም። ከሦስቱ ጉልቻ በላይ ያለው ጣሪያ ጥቀርሻ እንደ ጥቍር ጥጥ ተንጠልጥሎበታል። እኔ ትኩሱን እንጀራ ከሳሎን ሆኜ ስበላ እርሳቸው ይህን ሲስቡ ኖረዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጢስ ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከምጣዱ አጠገብ ሲውል ጢሱን እኩል ይስባል፤ የሳንባ ምችም ቶሎ ያገኘዋል። ስለዚህ በመጋገሪያ ሰዓት ልጁን ሌላ ሰው ይያዘው። የከሰል ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ከሰል ጢሱ ስለማይታይ ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። ይህም ደማችንን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ምድጃ አግብቶና በር ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። (ዕጣንንም ቢሆን አራስ ባለችበት ጠባብ ክፍል ማብዛት ደግ አይደለም፤ ወይዛዝርት ይቅር ይበሉኝ።)

እኛ ቤት መጀመሪያ ያደረግነው ከጣሪያው ሥር ሁለት መስኮት ማውጣት ነው። ማገዶውም ሳይደርቅ እንዳይነድ ከለከልን፤ እርጥብ እንጨት ጢሱ ይበዛልና። ምርጥ የሚባለው ዙሪያው የተዘጋ የሲሚንቶ ምድጃ ከጉልቻ ይልቅ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቈጥባል፤ ጢሱን ግን ፈጽሞ አያጠፋውም። በመጨረሻ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁ። እኒያ እናት ግን፣ «እንጀራው ዓይን አያወጣም» ብለው ሁለት ሳምንት ያህል ሳይነኩት ቈዩ፤ አሁን ለመዱት። ሐኪሙ የተጎዳው ሳንባ እንደ ቀድሞው እንደማይሆን፣ ጢሱ ከቀረ ግን ጉዳቱ በፍጥነት እንደማይብስ ነግሮናል። ሳላቸው ቀንሷል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ግን ወደ ጉልቻው ይመለሳሉ፤ የዚያን ዕለት ማታ ሳሉ እስከ መኝታ ክፍሌ ይሰማል።