ለአመክሮ መጀመሪያ ሰው ቅጠሩ

«የአመክሮ አገልግሎት ይቋቋም፣ መዋቅር ይሠራለት» የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ እሰጋለሁ። መዋቅር ስንሠራ እንዴት እንደምንሠራ አውቃለኋ! ዳይሬክተር ይሾማል፣ ታፔላ ይሰቀላል፣ መኪና ይገዛል፣ ሥልጠና አዳማ ላይ ይሰጣል። ሥራውን የሚሠራው ሰው ግን «በጀት ሲፈቀድ» ይባላል።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን፣ ታራሚው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት ከፈጸመና ጠባዩ መሻሻሉ ከታመነበት ፍርድ ቤት በአመክሮ ሊፈታው እንደሚችል ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የፈተና ጊዜ ነው። እሺ፣ ፈታኙ ማነው? ሰውየው ከማረሚያ ቤቱ በር ሲወጣ ማን ይቀበለዋል? ማደሪያና ሥራ ማግኘቱን፣ ከበደላቸው ሰዎች ጋር መታረቁን ማን ይጠይቃል? ይህን ሥራዬ ብሎ የያዘ፣ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የለንም። ቤተሰብ ያለው በቤተሰቡ ይደገፋል፤ የሌለው ይወድቃል። ሲወድቅ «ይኸው፣ ድሮም አመል ነው» ብለን እንገላገላለን።

አመክሮ የሚለውን ቃል ገዳማቱም ያውቁታል። ሊመነኩስ የመጣ ሰው በአመክሮ ሲቆይ ወረቀት ተሰጥቶት አይሸኝም። ከአባቶች ጋር ይውላል፣ ይላካል፣ ይታዘዛል፣ ጠባዩ ይታያል። የሚያየው ሰው ከሌለ ምኑን አመክሮ ሆነ?

«መጀመሪያ መዋቅሩ ይስተካከል፣ ሠራተኛው ይደርሳል» የምትሉኝ ደግሞ እንግሊዝን ተመልከቱ። እንግሊዝና ዌልስ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የአመክሮ አገልግሎት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2014፣ ክሪስ ግሬይሊንግ የፍትሕ ሚኒስትር ሳሉ፣ 35 የአካባቢ ተቋማትን አፍርሰው አገልግሎቱን ለሁለት ከፈሉት። ከፍተኛ ሥጋት አለባቸው የተባሉት ጥፋተኞች ለመንግሥት ቀሩ፤ የቀሩት 21 ለሚሆኑ የኮንትራት ድርጅቶች ተላለፉ። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምር ነበር። መሬት ላይ ግን ሠራተኛው ተከፋፈለ፣ የሰው ጉዳይ ከእጅ ወደ እጅ ተንከባለለ፣ አንዳንዱም በስልክ ብቻ «ክትትል» ይደረግለት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2019 ዋናዋ የአመክሮ ኢንስፔክተር አሠራሩ የማይጠገን መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። በጁን 2021 ሁሉም ተመልሶ የመንግሥት ሆነ።

መዋቅር በአዋጅ ይመለሳል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ግን አንዴ ከሄደ በአዋጅ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2024 እስር ቤቶቻቸው ሞልተው እስረኞችን ቀድመው ሲፈቱ፣ የሠራተኛ እጥረቱ አፍጥጦ መጣ። መንግሥትም ቢያንስ 1,000 አዳዲስ ሰልጣኞች እቀጥራለሁ ለማለት ተገደደ። የእነሱ ሀብት እያላቸው እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ለማን ብለን ነው ስህተቱን ከነሙሉ ወጪው የምንደግመው?

«ድሃ አገር ነን» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፤ ለዚህ ነው ከታች መጀመር ያለብን። ሁለት ሦስት ፍርድ ቤቶች ይመረጡ። ሶሻል ወርክ ተምረው ሥራ ከሚፈልጉት ልጆች ይቀጠሩ። አንዱ ሠራተኛ የሚይዘው ሰው ቁጥር በጽሑፍ ይገደብ፤ መቶ ሰው የተጫነበት ሠራተኛ ማንንም አይከታተልም፣ ፊርማ ብቻ ይሰበስባል። ሪፖርቱ ለዳኛው ይሁን። እድርና ሽማግሌም ያግዙ፤ እርቁን ሽማግሌ ይጨርሰዋል። ክትትሉ ግን ደመወዝ የሚከፈልበት፣ ሰው የሚጠየቅበት የዘወትር ሥራ ነው፤ በበጎ ፈቃድ ብቻ አይያዝም። ይህ ሲሠራ ከታየ በኋላ ዳይሬክቶሬቱም ታፔላውም ይምጡ፣ ማን ከለከለ።

ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግና የሕግ አርቃቂ የሆናችሁ ልጆቼ፣ አንድ ቀን ረቂቁ እጃችሁ ይገባል። የመዋቅሩን ሥዕል እለፉትና የመጀመሪያ ዓመት በጀቱ ምን ላይ እንደሚውል እዩ። ከመኪናው በፊት ሰው ካልተቀጠረበት አትፈርሙ።