በቅርስነት በተመዘገቡ ቤቶች ላይ ለሚደረግ ጥገናና ለውጥ ስለሚሰጥ ፈቃድ የወጣ የአቋም መግለጫ

እኛ በአዲስ አበባ ከተማ የምንሠራ አርክቴክቶች፣ መሐንዲሶች፣ አናጢዎችና ግንበኞች፣ እንዲሁም በቅርስነት በተመዘገቡ ቤቶች ውስጥ የምንኖር ነዋሪዎች፣ በአንድ ማኅበር ተሰባስበን፣ በጠቅላላ ጉባኤያችን ከተወያየን በኋላ ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ፈቃድ መጠየቅ ይቅር የሚል አባል በመካከላችን የለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የጥገና ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል። ድንጋጌው ትክክል ነው፤ ይጠበቅ እንላለን። ያስቸገረን የመልስ መጥፋት ነው። «አይቻልም» የተባለ ሰው ቢያንስ ምክንያቱን ሰምቶ ንድፉን ያስተካክላል፣ ወይም አቤት ይላል። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ የቀረበት ሰው ግን ክረምቱን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ክረምቱ ደግሞ አይጠብቀውም።

ቤቶቹ እንዴት እንደተሠሩ የሚያውቅ ሰው ጭንቀታችን ይገባዋል። በአራዳና በአካባቢዋ የቀሩት ነባር ቤቶች ብዙዎቹ ምድር ቤታቸው ድንጋይ፣ ፎቃቸው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳናቸው ቆርቆሮ ነው። በክዳኑ ጫፍ ላይ አንድ ሚስማር ላልቶ ቀዳዳው ሲሰፋ ውኃው ኮርኒሱን ከማርጠቡ በፊት የማዕዘኑን ቋሚ ተከትሎ ይወርዳል። የቋሚው እግር ድንጋዩ ላይ ባረፈበት ቦታ ይበሰብሳል። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ክረምት በተደራረበ ቁጥር በረንዳው ወደ መንገዱ ማዘንበል ይጀምራል፤ ያኔ ቤቱን ለማየት የሚመጣው ባለሙያ ስለ ጥገና መጠየቁን ትቶ ስለ አደገኛነቱ ይጽፋል። አንድ ቅጠል ቆርቆሮ ለመቀየር የቀረበ ማመልከቻ በስተመጨረሻ የማፍረሻ ደብዳቤ ይዞ ይመለሳል።

መልስ ያጣው ነዋሪም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቢሮዎች ሲዘጉ፣ ግንበኛ ጠርቶ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በሲሚንቶ ያስለስናል። ክፋት የለውም፤ ልጆቹ ብርድ ላይ ናቸው። ነገር ግን ከጭድ ጋር የተቦካ የጭቃ ምርጊት እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። ሲሚንቶው ይህን መውጫ ይዘጋበታል። በስንጥቁ የገባው ውኃ ከውስጥ ይቀርና አዲስ ከሚመስለው ልስን ጀርባ ማገሩ ይሻግታል። በጭቃና በኖራ ሊጠገን ይችል የነበረ ግድግዳ በዚህ ምክንያት ሲወድቅ አባሎቻችን ደጋግመው አይተዋል። ስለዚህ ፈቃድ ማዘግየት በራሱ በቤቱ ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው ብለን እናምናለን።

ሌላው ችግር፣ ማን ይጠይቅ የሚለው ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገው ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወዲህ ከነባሮቹ ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆነው ኖረዋል። ለአንድ ባላባት ወይም ነጋዴ የተሠራ ቤት በጣውላ ተከፋፍሎ ብዙ አባወራ ይኖርበታል፤ አንዱ ሳሎኑን፣ አንዱ እልፍኙን፣ አንዱ የተዘጋውን በረንዳ ይዟል። የሚኖርበት ሰው ባለቤት ስላልሆነ ማመልከቻው ተቀባይ የለውም። ቤቱን የሚያስተዳድረው ክፍል ደግሞ ከኪራዩ የሚያገኘው ገንዘብ ለጥገና አይበቃውምና አመልካች ለመሆን አይቸኩልም። በዚህ ላይ አንዱ ቢሮ መጀመሪያ የቅርስ ደብዳቤ አምጡ ሲል፣ ሌላው የጸደቀ ፕላን ካልቀረበ ደብዳቤ አልጽፍም ይላል። የብሔራዊና የክልል ቅርሶችን የለየው አዋጅ ቁጥር 839/2006 ከወጣ በኋላ የትኛው ቤት ወደ ፌዴራሉ ባለሥልጣን፣ የትኛው ወደ ከተማው ቢሮ እንደሚሄድ ነዋሪው በቀላሉ የሚያውቅበት መንገድ ሊኖር ይገባ ነበር።

በመሆኑም ነዋሪው፣ ተከራይም ቢሆን፣ ጥያቄውን በራሱ ስም እንዲያስጀምር፣ ቤቱን የሚያስተዳድረው አካልም ተስማምቶ እንዲፈርም ወይም ያልተስማማበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥ እንጠይቃለን። ማመልከቻ የሚገባበት በር አንድ ይሁን፤ ደብዳቤውን ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚያዞረው አመልካቹ ሳይሆን ተቀባዩ ቢሮ ይሁን።

ሥራውም እንደ ክብደቱ ይለይ። የዛገ ቆርቆሮን በዚያው ዓይነት መቀየር፣ አሸንዳ መጥረግ፣ ምርጊት መድገም፣ ኖራ መቀባት፣ የበሰበሰ የወለል ጣውላ በጣውላ መተካት የኮሚቴ ስብሰባ የሚያስጠራ ነገር አይደለም። ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ለክፍለ ከተማው ባለሙያ አስታውቆ መጀመር በቂ ነው። መካከለኛው ክፍል የኤሌክትሪክ መስመርን፣ የውኃ ቧንቧን፣ መታጠቢያና መጸዳጃን ይመለከታል። እዚህ ላይ በተለይ እናሳስባለን፤ መጸዳጃ የሌለው ቤት ውስጥ ሰው ቅርስ ጠባቂ ሆኖ እንዲኖር መጠየቅ ተገቢ አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ መልስ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ሐሳብ እናቀርባለን። ግድግዳ ማፍረስ፣ ፎቅ መጨመር፣ የፊት ገጽታን መለወጥ ግን ልኬቱ የተወሰደ ንድፍ ቀርቦበት፣ ባለሙያዎች ተወያይተውበት፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ቢበዛ በ60 ቀን ይለቅ።

ቀነ ገደቡ ካለፈስ? በዝምታ ፈቃድ እንደተሰጠ ይቆጠር የሚሉ አሉ። ማኅበራችን በዚህ አይስማማም፤ የቢሮ መዘግየት ለአፍራሽ በር መክፈቻ እንዳይሆን እንሰጋለን። በእንግሊዝ ለተመዘገበ ሕንፃ የሚቀርብ የለውጥ ጥያቄ በመደበኛው 8 ሳምንት ይወሰንለታል፤ ጊዜው ካለፈ አመልካቹ ይግባኝ ማለት ይችላል እንጂ እንደተፈቀደለት አይቆጠርም። ይህ አሠራር ለእኛም ይስማማል።

ለውጥ የቅርስ ጠላት ነው የሚለውን አመለካከትም አንቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የዛሬን የደኅንነት መስፈርት እንዲያሟላ ተደርጎ ታድሶ በ2017 ዓ.ም ዳግም ተከፍቷል፤ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስኮትም በቦታው ነው። እርግጥ ነው፣ ያ ሥራ ገንዘብም፣ ባለሙያም፣ ጊዜም ነበረው። በጥር 2007 ዓ.ም በጣይቱ ሆቴል የደረሰው ቃጠሎ ደግሞ ያረጀ የእንጨት ሕንፃ ከእሳት መከላከያ ጋር የተያያዘ ለውጥ ሲጠይቅ ፋይሉ ተራ መጠበቅ እንደሌለበት ያስገነዝባል።

በ2016 ዓ.ም በኮሪደር ልማት ምክንያት በፒያሳና በአካባቢዋ ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰዋል። መንገድ አይስፋ አንልም። ነገር ግን አንድ ነዋሪ መስኮት ለመቀየር የሚጠየቀውን ማስረጃ ያህል፣ የመንግሥት ፕሮጀክትም በተመዘገበ ቤት ላይ እጁን ከማሳረፉ በፊት ይጠየቅ። የተመዘገቡ ቤቶች ዝርዝር ከነካርታው ለሕዝብ ክፍት ይሁን። ከመዝገብ የሚሰረዝ ቤት ካለ ማን እንደሰረዘውና ለምን እንደተሰረዘ አስቀድሞ ይገለጽ።

ስለ ገንዘቡ የምንለው አጭር ነው። አዋጅ 209/1992 የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊሸፍን እንደሚችል ይደነግጋል። የከተማው አስተዳደር ለዚህ ብቻ የሚውል መደብ በዓመታዊ በጀቱ ውስጥ ይያዝልን።

በበኩላችን፣ ልኬት ማስወሰድ ለማይችሉ ነዋሪዎች አባሎቻችን በተራ ያለ ክፍያ ልኬት ይወስዳሉ፤ ንድፍም ያዘጋጃሉ። ኖራ ማብላላትና ጭቃ ማቡካት የሚያውቁ አንጋፋ ግንበኞቻችን በሥራ ላይ እያሉ ወጣቶችን እንዲያሠለጥኑ እናደርጋለን። በተመዘገበ ቤት ላይ ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ ላይ የፈረመ፣ ወይም በጭቃ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስን ያዘዘ አባል ጉዳዩ በማኅበሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይታያል፤ ጥፋቱ ከተረጋገጠም ከአባልነት ይታገዳል።