ዊንዶውስ ሲከሳ

«አሮጌዋ ኮምፒዩተሬ እየተንቀራፈፈች አስመረረችኝ፤ ኤክስፒን ቀናንሼ የራሴን ሲዲ ልሥራ ወይ?» ላልከኝ ወንድሜ፤ ሥራ! ግን መጀመሪያ የእኔን ጉድ ስማ።

ከዓመታት በፊት በጽሕፈትና በፕሪንት ሥራ የምትተዳደር ጓደኛዬን ልርዳ ብዬ ኤንላይት የተባለውን ፕሮግራም ያዝኩ። የዋናውን ሲዲ ፋይሎች ሃርድ ዲስክ ላይ ትገለብጣለህ፣ የማትፈልገውን እየመረጥክ ታስወጣለህ፣ እሱ አዲስ አይኤስኦ ይሠራልሃል፤ ሲዲ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ጌሞቹን አወጣሁ፣ የማንጠቀምባቸውን ቋንቋዎች አወጣሁ። እጄ ሞቀና የፕሪንተር ድራይቨሮቹንም ጠራረግኳቸው።

ኮምፒዩተሯ በረረች! በማግስቱ ግን ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ፕሪንተሩ አልሠራ አለ። የፕሪንተሩ ሲዲ ከጠፋ ቆይቷል። ፋይሎቿን አውጥቼ ከዋናው ሲዲ እንደገና እስክጭን ቀኑ መሸ፤ ደንበኛውም ሄደ። ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም፤ እውነቷን ነው።

አንተ እንግዲህ ዋናውን ሲዲ ደብቀህ አስቀምጥ። አዲሱን መጀመሪያ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ሞክረው፤ ምን እንደሚሠራ ያላወቅከውን አትንካ። ማይክሮሶፍት ኤክስፒን መደገፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ስለሆነ፣ ብትከሳም ብትፈጥንም ኢንተርኔት ላይ አታገናኛት።