የምስክሩን ቃል ማን አስተረጐመው?

በዚህ ዓመት ሦስት የሕግ ተማሪዎች፥ በመጽሐፍ የተማርነውን በዓይናችን ለማየት አስበን፥ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፥ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፥ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ እየተመላለስን ችሎት ተከታተልን። ካየነው ሁሉ አንዱ እንቅልፍ ነሥቶናል። የምንወቅሰው አንድን ዳኛ ስላልሆነ የትኛው ችሎት እንደ ሆነ አንናገርም።

ተከሳሹ ከሩቅ አገር ለፋብሪካ ሥራ የመጣ ወጣት ነው። ሰው ደብድበሃል ተብሎ ተከሷል፤ ጠበቃ የለውም። ችሎቱ የሚካሄደው በክልሉ የሥራ ቋንቋ በኦሮምኛ ሲሆን፥ እርሱ የሚሰማው አማርኛ ነው። አስተርጓሚው በዕለቱ ስላልመጣ፥ ከተመልካች መካከል አንድ ሰው ተነሥቶ እንዲያስተረጕም ተደረገ። ምስክሩ ረዘም አድርጎ ተናገረ፤ ሰውየው ግን «አንተ ነህ የመታኸው ይላል» ብሎ ጨረሰ። ኦሮምኛ የሚያውቀው ጓደኛችን ምስክሩ «መሽቶ ነበር፤ ፊቱን አጥርቼ አላየሁም» ማለቱን ሰምቷል። ተከሳሹ ጥያቄ እንዳለው ሲጠየቅ «የለኝም» አለ። ያልሰማውን ምን ብሎ ይጠይቅ? ዳኛው ሰምተዋል፤ ዐቃቤ ሕጉ ሰምቷል፤ ሳይሰማ የቀረው የሚፈረድበት ሰው ብቻ ነው። ከችሎት ስንወጣ ምስክሩና አስተርጓሚው በአንድ ባጃጅ ሲሳፈሩ አየን።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ተከሳሽ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄደው ክርክር በመንግሥት ወጪ እንዲተረጐምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 126 ችሎታ ያለው አስተርጓሚ እንዲመረጥ፥ የተከሳሹ ወይም የከሳሹ ዘመድ ወይም ምስክር የሆነ ሰው ግን እንዳይመረጥ አዟል። እኛ ባየነው ችሎት ሰውየው ማን እንደ ሆነ የጠየቀው አልነበረም።

ይህን ስንል በኦሮምኛ መዳኘቱን መንቀፋችን አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን ብቻ የመንግሥት ቋንቋ ባደረገበት ዘመን፥ የእነዚሁ አገሮች ገበሬ ስለ ገዛ መሬቱ በሰው አፍ ይከራከር ነበር። ያ በደል ዛሬ በሌላው ድኻ ላይ እንዳይደገም ነው የምንጮኸው።

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አንጠይቅም። አስተርጓሚ ከመማሉ በፊት «ማን ነህ? የማን ዘመድ ነህ? ከምስክሮቹ ጋር ትተዋወቃለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። መምህራኖቻችንም ችሎት መከታተልን የትምህርቱ ክፍል ያድርጉት፤ ሁለቱን ቋንቋ የምናውቅ ተማሪዎች ሠልጥነን ስማችን በየፍርድ ቤቱ ይመዝገብ።

ያየነውን ለመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነግረናል። «በቀጠሮው ቀን መጥታችሁ ለዳኛው ንገሩ» ብሎናል። በችሎቱ ውስጥ ዝም ማለታችን እስከ ዛሬ ያሳፍረናል፤ በቀጠሮው ቀን ግን እንሄዳለን። ከእናንተም የሚከተለን ቢኖር በሩ ለሁሉ ክፍት ነው፤ ሕጉ በግልጽ ችሎት ይታይ ብሏልና።