ሰው አልባው አውሮፕላን ከማሳ ላይ ከመነሣቱ በፊት ማኅበሩ ይምከርበት

የስንዴ ዋግ ለገበሬው ቀጠሮ የሚሰጥ በሽታ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን ዝርያዎች፣ በ2006 ዓ.ም. መኸር ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲጋሉ የተባለውን ዝርያ እንዴት አድርጎ እንደመታ የአካባቢው ገበሬ የሚረሳው አይደለም። በሽታው በነፋስ የሚዛመት በመሆኑ አንዱ ገበሬ ማሳውን በጊዜ ረጭቶ ጎረቤቱ ሳይረጭ ቢቀር፣ ያልተረጨው ማሳ ለአካባቢው ሁሉ የበሽታ ምንጭ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ በዋግ ላይ የሚደረገው ትግል ከመድኃኒቱ ዓይነት ባልተናነሰ በፍጥነትና በኅብረት ላይ የተመሠረተ ነው።

ፍጥነቱ ግን ከየት ይመጣል? በጀርባ የሚታዘለው መርጫ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው 16 ሊትር ያህል ነው። አንድ ሄክታር ስንዴ በዚህ መሣሪያ ለመርጨት 200 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋል። ይህም ማለት መርጫው ለአንድ ሄክታር አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ጊዜ ተሞልቶ ይታዘላል ማለት ነው። ውሃው የሚመጣው ከወንዝ ነው፤ ተሸካሚው አህያ ካልሆነ የእናቶች ጀርባ ነው። ረጪው በአብዛኛው ጓንትም ጭምብልም የለውም፤ በረጨው እርጥብ ሰብል መካከል እየተራመደ መድኃኒቱን ሲተነፍስ ይውላል። አንድ መቶ ሄክታር ኩታ ገጠም ማሳ በዚህ አኳኋን እስኪዳረስ ድረስ በመጨረሻው ጫፍ ያለው ገበሬ ስንዴውን ዋግ ይቀድመዋል።

ይህን ድካም ለማቃለል በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠራበት መሣሪያ ሰው አልባ አውሮፕላን፣ በተለምዶ ድሮን የሚባለው ነው። ነገሩ የትናንት ግኝት አይደለም። ያማሃ የተባለው የጃፓን ኩባንያ አር-50 ብሎ የሰየመውን ሰው አልባ ሄሊኮፕተር ለሩዝ ርጭት ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ጃፓኖች ወደዚህ የገቡት ለቅንጦት አልነበረም። የሩዝ ማሳቸው ትናንሽና ከመኖሪያ ቤት ጋር የተጠጋ፣ ገበሬያቸውም በዕድሜ እየገፋ የሄደ በመሆኑ ነው። ማሳው ትንሽ ነውና መሣሪያው አይሆነንም የሚለው አስተያየት ከዚህ አንጻር ሲታይ ውኃ የሚቋጥር አይደለም። ከዚያ ወዲህ ዋጋውም ክብደቱም ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዲጄአይ የተባለው የቻይና ኩባንያ ያወጣው ኤምጂ-1 በስምንት ተሽከርካሪ ክንፎች የሚነሣ፣ 10 ኪሎ ፈሳሽ የሚሸከም ነበር። በኋላ የወጡት 30 እና 40 ሊትር ይሸከማሉ።

የድሮን ርጭት ምሥጢሩ ውሃው ላይ ነው። በሄክታር 200 ሊትር መሆኑ ቀርቶ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሊትር ይበቃዋል። የመድኃኒቱ መጠን በሄክታር ያው ነው፤ የሚቀንሰው የሚበጠበጥበት ውሃ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛ፣ የተበጠበጠው ፈሳሽ በጀርባ ከሚረጨው አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ የበረታ ስለሚሆን አብራሪው ከማሳው ርቆ ቢቆምም የሚበጠብጠው ሰው ከቀድሞው የበለጠ አደጋ ላይ ነው። ጓንቱ፣ ጭምብሉና ቦት ጫማው ለእሱ የግድ ነው። ሁለተኛ፣ ጠብታው ደቃቅ በመሆኑ ነፋስ በቀላሉ ይወስደዋል።

የነፋሱን ጉዳይ ማንኛውም የማኅበር መሪ አቅልሎ ሊያየው አይገባም። ቱ ፎር ዲ የተባለው የአረም መድኃኒት ስንዴንና ጤፍን ሳይነካ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል። ነገር ግን ባቄላ፣ ሽምብራና ኑግም ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ናቸው፤ መድኃኒቱ ከአረም ለይቶ አያያቸውም። በስንዴው ላይ የተረጨው በነፋስ ተወስዶ የጎረቤትን ባቄላ ያጠወለገ እንደሆነ፣ ጠቡ የሚፈረደው በአብራሪው ላይ ሳይሆን ለዘመናት አብረው በኖሩ ሁለት ቤተሰቦች መካከል ነው። ከዚህም ሌላ ጋኑ ሳይታጠብ ትናንት አረም የተረጨበት ዛሬ ባቄላ ላይ ቢዞር ጉዳቱ ያው ነው። ስለዚህ ርጭቱ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ መሆኑን፣ ጋኑ መታጠቡን፣ የማጠቢያው ውሃም ወደ ወንዝ አለመደፋቱን ማኅበሩ የሚመድበው ሰው በቦታው ተገኝቶ ማየት አለበት።

የንብ ነገር ደግሞ ከሁሉ የከበደ ነው። ዋግ በስንዴ ላይ የሚበረታበት ከመስከረም እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ አደይ አበባ የሚፈካበት፣ ንብ ለኅዳር ማር የምትሰበስብበት ጊዜ ነው። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ወቅት ይጋጫሉ። የተባይ ማጥፊያ መርዝ በአበባ ላይ ያረፈ እንደሆነ ቀፎው በአንድ ቀን ባዶ ሊቀር ይችላል፤ የዋግ መድኃኒት ለንብ ከተባይ መርዝ የሚሻል ቢሆንም፣ ሁለቱን አንድ ላይ በጥብጦ የሚረጭ ሰው ሲኖር ልዩነቱ ይጠፋል። ንብ አርቢው የሚረጨውን መድኃኒት ስምና ቀኑን ከሁለት ቀን በፊት ሊያውቀው ይገባል። ቢያንስ ማታ ቀፎውን ለመሸፈን ወይም ራቅ አድርጎ ለማቆየት ጊዜ ያገኛል። በብዙ ቀበሌዎች ንብ አርቢዎቹ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ናቸው። በስብሰባ ላይ ድምፃቸው የማይሰማውም እነሱ ናቸው።

የዚህ መሣሪያ ጥቅም በርጭት ብቻ የተወሰነ አይደለም። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2016 ጀምሮ ሙሃንጋ ከተባለ ቦታ ወደ ሩቅ ሆስፒታሎች ደም በሰው አልባ አውሮፕላን ትልካለች፤ ደሙ በጃንጥላ ተንጠልጥሎ ይወርዳል። በኋላም ለአሳማ አርቢዎች የማዳቀያ ዘር በዚሁ መንገድ ተልኳል። ከአየር ፎቶግራፍ ማንሣትም የታወቀ ነው። የሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ምዝገባ በተካሄደባቸው ቀበሌዎች ገበሬው ማሳውን ከላይ በተነሣ ሥዕል ላይ አይቶ ድንበሩን ለይቷል። ፎቶግራፍ ግን ድንበር አይፈርድም። ድንበሩን የሚያውቁት ባለይዞታውና ጎረቤቶቹ በመሆናቸው፣ በርጭት ሰበብ የተነሣ ሥዕል ያለ ማኅበሩ ስምምነት ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል ከወዲሁ መነጋገር ይበጃል።

አንድ ሊሸፈን የማይገባው እውነት አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ድሮን የሚለው ቃል በብዙ የገጠር ቤተሰብ ዘንድ ከሞት ጋር የተያያዘ ሆኗል። ሰማይ ላይ ያንን ድምፅ ሰምታ ልጆቿን ይዛ ወደ ጫካ የምትሮጥ እናት ሞኝ አይደለችም። ለማሳ የተሠራው መሣሪያ ከጦርነቱ ጋር አንድ አይደለም፤ ከሰው ቁመት ብዙም ሳይርቅ፣ ሰብሉ ላይ ዝቅ ብሎ የሚበር ነው። ይህን ግን ገበሬው አስቀድሞ በዓይኑ አይቶ ካልተረዳ የሚያምንበት ምክንያት የለም። በመሆኑም መሣሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በገበያ ቀን ወይም ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ መልስ በይፋ መነገር፣ ጋኑ በንጹሕ ውሃ ብቻ ተሞልቶ ሕዝቡ በተሰበሰበበት መታየት አለበት። ፈቃድም የግድ ነው። ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ የሌለው ባለመሣሪያ በምንም ምክንያት ቢመጣ ማኅበሩ ሊያስተናግደው አይገባም። ጸጥታ በታወከበት አካባቢ ደግሞ ነገሩን ለሌላ ዓመት ማቆየት ነውር የለውም።

መሣሪያውን ማኅበሩ ራሱ ይግዛው ወይስ ይከራየው የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ለጊዜው መከራየቱ ይሻላል። ባትሪው ሙሉ ጭነት ይዞ የሚቆየው በደቂቃዎች የሚቆጠር ስለሆነ በየማሳው ዳር ጄኔሬተርና ነዳጅ ይፈልጋል፤ ክንፉ ቢሰበር መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ ነው። በኪራይ ጊዜ ግን ሩብ ሄክታር ያለው ገበሬ ለብቻው ቢዋዋል የሚሰማው የለም። ኩታ ገጠም ማሳቸውን አንድ ላይ አድርገው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ስም የተዋዋሉ ገበሬዎች ግን ዋጋ መከራከር ይችላሉ። እስከ ዛሬ በጀርባቸው እየረጩ የቀን ሙያ ያገኙ የነበሩ ወጣቶች እንዳይጣሉም፣ ባለመሣሪያው ከመካከላቸው ሁለቱን ወይም ሦስቱን እንዲያሠለጥን በውሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ዋጋው በሄክታር ይቆረጥ እንጂ በቀን አይሁን። ውሃ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ፣ የጎረቤት ሰብል ወይም ቀፎ ቢጎዳ የሚክሰው ማን እንደሆነ ይጻፍበት። ርጭቱ ካለቀ በኋላ መድኃኒቱ ሳይደርቅ ዝናብ ቢጥል ባለመሣሪያው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደግሞ የሚረጭ መሆኑም እንዲሁ። ክፍያው ግማሹ በሥራው ዕለት፣ ግማሹ ደግሞ ከሳምንት በኋላ የማኅበሩ ተመልካቾች በማሳው ዞረው የተዘለለ ቦታ አለመኖሩን ካዩ በኋላ ይሰጥ።