ያረጀ ሎድ ባላንሰር ለአገር ቤት ስጦታ አይሆንም

በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ጠይቀውኛል፦ «መሥሪያ ቤታችን ዳታ ሴንተሩን ሲዘጋ የወጣ ሎድ ባላንሰር አለ፤ አዲስ አበባ ላሉት ልጆች ብልከውስ?» ሐሳቡ ደግ ነው። ሳጥኑ አዲስ ሳለ የመኪና ዋጋ ወጥቶበታል፤ ሲጣል ማየት ያንገበግባል። እኔ ግን አይላክ ባይ ነኝ።

የሎድ ባላንሰር ሥራ ከፊት ቆሞ የሚመጣውን ጥያቄ ከኋላው ላሉት ሰርቨሮች ማከፋፈል ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ወደ እሱ መላኩን ያቆማል። ይህን ብቻ ከሆነ የ15 ዓመት ዕድሜ ያለው ሳጥንም ዛሬ ይሠራዋል። ችግሩ ያለው ምስጠራው ላይ ነው።

ያኔ ሲፒዩ ደካማ ስለነበር የኤችቲቲፒኤስን ሒሳብ የሚሠራ ልዩ ቺፕ ሳጥኑ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ዋጋውን ካስወደዱት ነገሮች አንዱም እሱ ነው። ቺፑ በዋናነት የተሠራው ለአርኤስኤ ነው። በድሮ ብሮሹር ላይ «በሰከንድ 5,000 አዲስ ግንኙነት» የሚል ቁጥር ካያችሁ የተለካው በ1024 ቢት ቁልፍ ሊሆን ይችላል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ ግን ሰርተፍኬት ሰጪዎች ከ2048 ቢት በታች አይቀበሉም። የቁልፉ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ሒሳቡ አምስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ፣ ያ 5,000 ወደ 1,000 ገደማ ይወርዳል። በ2018 የወጣው ቲኤልኤስ 1.3 ደግሞ በአርኤስኤ ቁልፍ መለዋወጥን ጨርሶ አስቀርቶታል። አሁን ቁልፍ የሚለዋወጡት በአብዛኛው በኤሊፕቲክ ከርቭ ነው፤ ያ የድሮ ቺፕ እዚህ ላይ ብዙም አያግዝም፣ ሸክሙ አሮጌው ሲፒዩ ላይ ይወድቃል። ያውም ፋየርዌሩ ቲኤልኤስ 1.3ን የሚያውቅ ከሆነ ነው!

በአንጻሩ ኢንቴል ከ2010 ጀምሮ የኤኢኤስ ምስጠራን የሚያፋጥኑ ትእዛዞችን በተራ ሲፒዩ ውስጥ ማስገባት ጀምሯል። ጉግል እንኳ ማግሌቭ የተባለውን ሎድ ባላንሰሩን ከ2008 ጀምሮ የሚያስኬደው በተራ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ነው።

ከፍጥነቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ደኅንነቱ ነው። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. በኤፍ ፋይቭ ቢግ-አይፒ ማስተዳደሪያ ገጽ ላይ ያለ ይለፍ ቃል ኮድ ማስኬድ የሚያስችል ቀዳዳ ይፋ ሆነ። ድጋፍ ያላቸው ማስተካከያውን ጫኑ። ኮንትራቱ ያበቃ ሳጥን የያዘ ሰው ምን ይጭናል? ሎድ ባላንሰር ደግሞ የድረ ገጹ ሚስጥራዊ ቁልፍ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። እሱን የሰበረ ሰው የደንበኛውን ይለፍ ቃልና የክፍያ መረጃ ሲያልፍ ያነባል።

«ከምንም ይሻላል» የሚሉኝ አሉ። አይሻልም፤ ምክንያቱም ምርጫው በእሱና በባዶ እጅ መካከል አይደለም። ሁለት ያገለገሉ ተራ ሰርቨሮች፣ ሊኑክስ፣ በነፃ የሚገኘው ኤችኤፕሮክሲ፣ አንዱ ሲሞት ሌላው አድራሻውን እንዲረከብ የሚያደርገው ኪፕአላይቭድ፤ ይኸው ነው። ሜሞሪ ወይም ዲስክ ሲበላሽ መለዋወጫውን እዚያው አዲስ አበባ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ልዩ የሆነው ሳጥን ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል ግን እንደገና ሻንጣ የሚይዝ መንገደኛ ይጠበቃል። ደግሞስ አንድ ሳጥን ብቻ ከተላከ፣ እሱ ሲወድቅ ከኋላው ያሉት ጤነኛ ሰርቨሮች ሁሉ አብረው ከአገልግሎት ይወጣሉ።

አዲሱን ሃርድዌር አልናቅኩም። ትራፊኩ ከባድ የሆነበት ባንክ ወይም ቴሌኮም ከነድጋፍ ኮንትራቱ ቢገዛ ምክንያት አለው። ባለ አራት ሰርቨር ድርጅት ግን ለዚያ ገንዘብ ሌላ ሥራ አያጣለትም።

ለኮሌጅ ቤተ ሙከራ ከሆነ አሮጌውንም ላኩት፤ ከኢንተርኔት ተለይቶ ይቀመጥና ተማሪዎች ይፍቱት፣ ይግጠሙት። ከመላካችሁ በፊት ግን ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ የመሥሪያ ቤታችሁንም ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። የቀድሞው ባለቤት የሰርተፍኬት ቁልፍ እስካሁን እዚያው ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።