በጆሮ ውስጥ ስለሚገባው ማዳመጫና ስለ አመራረጡ

ለቤት የሚገዛ ዕቃ ሁሉ በመልኩ ሳይሆን በሥራው ሊመረመር የተገባ ነው። በሬ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል፤ ማሰሮም ሲገዛ በጣት እየተመታ ድምፁ ይሰማል። ነጋዴዎች ኢርፎን የሚሉት፥ ማነጋገሪያና መቈጣጠሪያ ያለበት ትንሽ የጆሮ ማዳመጫ ግን ብዙ ጊዜ እንደ መርፌና እንደ ክር ሳይፈተን ይገዛል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ይህ ዕቃ በምን በምን እንደሚፈተን ለቤተሰብ አባቶችና እናቶች ልንገልጽ አስበናል።

ከአዲስ አበባ በሞጆና በባቱ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው መንገድ በአርሲ ነገሌ ከተማ ያልፋል። በዚሁ መንገድ ዳር ባሉት ሱቆች ይህ ማዳመጫ በየዓይነቱ ተሰቅሎ ይታያል፤ ፈላጊውም ብዙ ነው። ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሄደች ልጅ ያለቻት እናት የልጅዋን ድምፅ የምትሰማው በስልክ ነው። ስልኩ ጮኾ ሲናገር የቤቱ ምስጢር ለጎረቤት ይደርሳል፤ ማዳመጫው ግን ነገሩን በእናትና በልጅ መካከል ያስቀረዋል። ስለዚህ የዕቃው ዋና ጥቅም ዘፈን ማሰማቱ ሳይሆን ሰውን ከሰው ማነጋገሩ ነው ብለን እናምናለን፤ ፈተናውም በዚሁ ይጀምር።

አስቀድሞ መሰኪያው ይታይ። ክቡ መሰኪያ ውፍረቱ 3.5 ሚሊሜትር ነው። ብረቱን የሚከፍሉ ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች ካሉበት ብረቱ አራት ክፍል አለው፤ ሁለቱ ለግራና ለቀኝ ጆሮ፥ አንዱ ለማነጋገሪያው፥ አንዱም ለሁሉ የጋራ ነው። ቀለበቱ ሁለት ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ግን መስማት እንጂ መናገር አይቻልም። ደግሞም የአፕል ኩባንያ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2016 ክቡን ቀዳዳ ከአዲሱ ስልኩ ካስቀረ በኋላ ሌሎችም ብዙዎች ስለ ተከተሉት፥ ገዢው ከቤቱ ሳይወጣ የስልኩን ቀዳዳ ይመልከት።

ሁለተኛው የማነጋገሪያው ፈተና ነው። የማነጋገሪያውን ደግነት ገዢው ብቻውን ሊፈርድ አይችልም፤ ዳኛው በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ነውና። ስለዚህ ባጃጅና የጭነት መኪና በሚያልፍበት በሱቁ ደጃፍ ቆሞ ወደ ወዳጁ ይደውል፤ ሳይጮኽም በተራ ድምፅ ይናገር። ወዳጁ «ምን አልክ?» እያለ የሚመላለስ ከሆነ ዕቃው ለነጋዴው ይመለስ። ነጠላ የለበሰች ወይዘሮ፥ ጋቢም የደረበ ሽማግሌ ሌላ ነገር ያስተውሉ፤ በገመዱ ላይ ያለችው ማነጋገሪያ በልብስ በታሸች ጊዜ ለሰሚው ታላቅ ኰሽታ ታሰማለች። ስለዚህ ገመዱ ከልብሱ በላይ ይዋል።

ሦስተኛው መቈጣጠሪያው ነው። በአብዛኞቹ ስልኮች የመካከለኛው ቍልፍ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ጥሪን ይቀበላል፥ የሚሰማውንም ያቆማል፤ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ወደ ሚቀጥለው፥ ሦስት ጊዜ ሲጫኑት ወደ ቀደመው ይወስዳል። ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ቍልፎች ግን ለአንዱ ዓይነት ስልክ ተሠርተው ለሌላው የማይታዘዙበት ጊዜ አለ። በዕድሜ ለገፉ ወላጆች፥ ጣት ሳያይ የሚያገኘው አንድ ጎላ ያለ ቍልፍ ያለበትን ከባለ ሦስቱ አስበልጠን እንመርጣለን።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ከጆሮ ጋራ መስማማቱ ነው። ከዕቃው ጋራ የሚሰጡት ታናናሽ የጎማ ቆቦች መጠናቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፥ ለጆሮው ልክ የሆነው ይመረጥ። ቆቡ የላላ እንደ ሆነ የውጭው ሁካታ ይገባል፤ ሰውየውም ሁካታውን ለማሸነፍ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ጉዳቱ የሚመጣው በዚህ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋራ በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፥ አዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ቢሰማ ልኩ ነው፤ ለሕፃናት ግን በዚያው ሰዓት 75 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ሲሆን 20 ሰዓት፥ 86 ሲሆን 10 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ልኩን የሚነግር መሣሪያ ለሌለው ሰው፥ ከስልኩ ሙሉ ድምፅ ከመቶ 60 እጅ አለማለፍ መልካም ነው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት ስለ ሐሜት ይነገራል፤ ለዚህም ነገር ይስማማል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ረቂቃን ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉም፤ ጥቂት በጥቂትም ስለሚጠፉ ባለቤቱ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ልጁ ማዳመጫ በጆሮው ሳለ በአንድ ክንድ ርቀት ሆኖ በተራ ድምፅ ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነ፥ አባት ሳይቈጣ ድምፁን ያስቀንሰው።

በአውራ ጎዳና ዳር የሚሄድ ሰው ሁለቱን ጆሮዎቹን አይድፈን፤ ባጃጅ የሚነዳውማ ጨርሶ ያውልቀው። ሹምም በቢሮው ባለጉዳይ ሲገባ ማዳመጫውን ከጆሮው ማንሣት ይገባዋል፤ የሚሰማው ነገር ባይኖር እንኳ ባለጉዳዩ እንዳልተሰማ ሆኖ ይሄዳልና።

እንግዲህ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ስምና የዋጋው ከፍታ ገዢውን አያታልሉት። በዝቅተኛ ድምፅ አጥርቶ የሚያሰማና ሳያስጮኽ የሚያነጋግር ማዳመጫ፥ ዋጋው አነስተኛ ቢሆንም እርሱ ደጉ ነው። ማዳመጫ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ ጆሮ ግን በየትኛውም ገበያ አይገኝም።